ለድመት እድር ይገባል ወይ?

ጥያቄ

«እንዴት ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ከጠባሴ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ብቻዋን ናት። አንድ ወንድ ድመት ታሳድጋለች፣ ስሙን ሽሮ ብላዋለች፣ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ እንግዲህ አያቱ መሆኔ ነው። በቀደም በቪዲዮ ስናወራ ‹ለሽሮ መድን ልገባለት ነው› አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ምሯን ነው! በወር 34 ዶላር ትከፍላለች። ሐኪም ቤት ሲሄድ በዓመት የመጀመሪያውን 500 ዶላር ራሷ ትችላለች፣ ከዚያ በላይ ካለው 80 ከመቶውን ይመልሱላታል። ባለፈው ዓመት ሽንቱ እንቢ ብሎት ሐኪም ቤት ወስዳው ነበርና እሱ ነው ያስደነገጣት። ደመወዟ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ ለእናቷም በየወሩ ትልካለች። ለእናቷ ብነግራት ‹ልጄን አሳበዱብኝ› ብላ አለቀሰች። ወሬው ሰፈር ደርሶ ‹ለድመት እድር ገባች› እያሉ ይስቁብናል። እውነት ይሄ ነገር ያዋጣል ወይስ እየበሏት ነው? እኔም ቤት አንዲት ድመት አለች። ለእኛስ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገናል?»

የሽሮ አያት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እትዬ፣ ሰፈሩ ለመሳቅ ብሎ ይሁን እንጂ ነገሩን ልክ ነው የተናገረው። መድን ማለት እድር ነው። እድር የምንገባው ሰው ይሙትልን ብለን አይደለም። ቀኑ ሲመጣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ንፍሮውን ብቻችንን ስለማንችለው ነው። ሃያ ዓመት ከፍሎ ምንም ያልደረሰበት ሰው «እድሩ በላኝ» ሲል ሰምተው ያውቃሉ? ተመስገን ነው የሚለው። የሽሮንም ነገር በዚሁ ዓይን ይዩት። ልዩነቱ መድን ድርጅት ንፍሮ አይቀቅልም፣ አጠገብዎ መጥቶም አያስተዛዝንም። ደረሰኝ ያያል፣ ውል ያያል፣ ከዚያ ይከፍላል ወይም አይከፍልም።

ደግሞ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስልዎ። ስዊድኖች በፈረንጆቹ 1924 ውሻ መድን አስገብተዋል። እንግሊዞች በ1947 ተከተሉ። አሜሪካኖቹ ዘግይተው በ1982 ነው የጀመሩት፣ መጀመሪያ የገባችላቸውም በቴሌቪዥን ስሟ የገነነ ውሻ ናት። እኛ አገርም ቢሆን ለእንስሳ መድን መግባት ያልተሰማ ነገር አይደለም። ቦረና ላይ በዚያው በፈረንጆቹ 2012 የከብት መድን ተጀምሯል። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ከላይ እያየ፣ ድርቅ ሲሆን ለአርብቶ አደሩ የሚከፈል ነው። የቦረና ላም ግን ሀብት ናት። ሽሮ ምኗ ነው ቢባል፣ ብቻዋን ለምትኖር ልጅ ማታ በር ስትከፍት የሚቀበላት እሱ ነው። ይሄን ዋጋ እኔም እርስዎም መተመን አንችልም፣ ስለዚህ ወደሚተመነው እንሂድ።

እስክሪብቶ ይያዙ። 34 ዶላር በ12 ወር 408 ዶላር ነው። ይህ ዓረቦኑ ነው፣ ሽሮ ታመመም አልታመመም ይሄዳል። አሁን ሽሮ ታሞ የሐኪም ቤቱ ሒሳብ 450 ዶላር መጣ እንበል። ተቀናሹ፣ ማለትም መጀመሪያ ራሷ የምትችለው፣ 500 ስለሆነ አምስት ሳንቲም አትመለስላትም። 900 ቢመጣስ? ከ500 በላይ ያለው 400 ነው፣ የእሱ 80 ከመቶ 320 ነው። 408 ከፍላ 320 ተቀበለች ማለት ነው፣ ከሰረች። ሒሳቡ ልክ ልኩን የሚመጣው 1010 ዶላር ላይ ነው። በዓመት ከዚያ በታች ከሆነ ድርጅቱ በላት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እሷ በላችው። 3000 ዶላር ቢመጣ ደግሞ 2000 ይመለስላታል። ዓረቦኑን ጨምራ ከኪሷ የሚወጣው 1408 ይሆናል እንጂ 3000 አይሆንም።

አንድ ተንኮል እዚህ ጋ አለች። አንዳንዱ ድርጅት መጀመሪያ 500ውን ቀንሶ ነው 80 ከመቶውን የሚያሰላው። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ 80 ከመቶውን አስልቶ ነው 500ውን የሚቀንሰው። በ3000 ላይ የመጀመሪያው 2000 ይሰጣል፣ ሁለተኛው 1900። የመቶ ዶላር ልዩነት በአንዲት የውል መስመር! ተቀናሹም በዓመት አንዴ ነው ወይስ ለየሕመሙ? ለየሕመሙ ከሆነ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ በሁለት በሽታ ቢታመም ሁለቴ 500 ልትችል ነው። ይህን ልጅቷ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቃ ትያዝ።

እንግዲህ «እየበሏት ነው ወይ» ላሉኝ፣ በአማካይ ካየነው አዎ። ድርጅቱ ቢሮውን ተከራይቶ፣ ሠራተኛውን ከፍሎ፣ አትርፎም እንዲያድር ከሚመልሰው በላይ መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ ትርፍ ፈልጎ መድን የሚገባ ሰው ተሳስቷል። እኔ የምጠይቃት ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ሐኪሙ «3000 ዶላር፣ አሁኑኑ» ቢላት ከየት ታመጣለች?

ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ደርሶብኛልና።

እኔም ወንድ ድመት አለኝ። ግራጫ ነው፣ ዳመና እንለዋለን። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ምድጃው ጥግ አመዱ ላይ ሄዶ ቁጢጥ ይላል። ይነሳል። ዞር ብሎ መልሶ ቁጢጥ ይላል። አመዱ ደረቅ ነው። እኛ የሆድ ድርቀት መስሎን ቅቤ አቅልጠን በማንኪያ አጠጣነው፣ ጎረቤት «በጄ» አለች፣ አንድ ሙሉ ቀን በዚህ አለፈ። በማግስቱ ሆዱን ስነካው ከታች በኩል ብርቱካን የምታህል ጠጣር ነገር አለች፣ ጮኸ። ለካ ፊኛው ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ በጣም ቀጭን ናት፣ አሸዋ የመሰለ ነገርና ንፍጥ ሲጠራቀምባት ድፍን ትላለች፣ ሽንቱ ወደ ኋላ እየመለሰ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ደሙንም ይመርዛል። ካልተከፈተለት በሁለትና በሦስት ቀን ይሞታል። እዚህ ያየው ባለሙያ ደግ ሰው ነው፣ ግን ዕድሜውን በሬና በግ ሲያክም የኖረ ነው፣ ለድመት የምትሆን ቀጭን ቱቦ በእጁ የለችም። በካርቶን ከትቼ፣ ካርቶኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ። ረዳቱ እንደ ሻንጣ አስከፈለኝ። አንድ አባት «ለድመት አዲስ አበባ?» አሉ፣ መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ። ቱቦ ገባለት፣ የወጣው ሽንት የጠላ መልክ ያለው፣ ደም የተቀላቀለበት ነበር። ሦስት ቀን አደረ። የከፈልኩት የአንድ ደህና ሙክት ዋጋ ነው። ለመንዝ ዘመዶቼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

እኔ የሙክት ዋጋ ከፍዬ ተገላገልኩ። አሜሪካ ግን ይኸው ሕመም አስተኝቶ ለማከም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ሽሮ ወንድ ነው፣ ሽንቱም አንዴ እንቢ ብሎታል። ልጅቷ ዝም ብላ አልደነገጠችም፣ ይሄን ለእህትዎ ይንገሩልኝ።

አሁን ግን መጥፎው ዜና። ያ ያለፈው ዓመት ሕመም በሐኪም ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፏል። መድን ድርጅቶች ከመግባትዎ በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍኑም። እድር ውስጥም እኮ እንደዚሁ ነው፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ ቤት አስተኝቶ «መዝግቡኝ» የሚልን ሰው ዳኛው ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚያየው። ስለዚህ ነገ የሽሮ ሽንት ቢዘጋ «ይሄ የቆየ ነው» ብለው ሊመልሷት ይችላሉ፣ ዋናው የፈራችው ነገር ከውሉ ውጭ ሆነ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ድርጅቶች ሕመሙ ድኖ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት፣ ምልክት ካላሳየ እንደ አዲስ ይቆጥሩታል። ሁሉም አይደሉም። ልጅቷ ገንዘብ ሳትከፍል በፊት የሽሮን መዝገብ ልካ «ሽንቱን ትሸፍናላችሁ?» ብላ ትጠይቅ። «አንሸፍንም» ካሏት ሌላ ድርጅት ትሞክር።

መጠበቂያ ጊዜም አለ። ዛሬ ተመዝግቦ ነገ መታመም አይቻልም፣ ለበሽታ ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት ያህል ያስጠብቃሉ። ለአደጋ ያጥራል።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ለሐኪም ቤቱ ራሷ ሙሉውን ትከፍላለች፣ ደረሰኙን ትልካለች፣ ከዚያ ይመልሱላታል። ለሐኪም ቤቱ በቀጥታ የሚከፍሉ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መድን ገባሁ ብላ ባዶ እጇን መቀመጥ የለባትም። የዚያን ሌሊት የሚከፍል ክሬዲት ካርድ ወይም የሚያበድር ጓደኛ ያስፈልጋታል።

ዓረቦኑም 34 ላይ አይቆምም። ቤት ውስጥ የሚኖር ድመት አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። እያረጀ ሲሄድ ኩላሊት፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ጥርስ ይመጣል፣ ዓረቦኑም አብሮ ይወጣል። እድርዎ ሰባ ዓመት ሲሞላዎ መዋጮዎን አይጨምርብዎትም፣ እነሱ ይጨምራሉ። በሽሮ ዕድሜ፣ ገና ጤነኛ እያለ፣ መግባት የሚሻለው ለዚህ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው ልግባ ብትል ዋጋውም ሰማይ ነው፣ መዝገቡም በበሽታ ተሞልቷል። ዕድሜ ልኩን የሚቆዩ እንደ ስኳር ያሉ ሕመሞችን ውሉ ሲታደስም መሸፈኑን ይቀጥላል ወይ የሚለውንም ትጠይቅ። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ ለአሥራ ሁለት ወር ከፍለው ከዚያ «በቃ» የሚሉ ውሎች አሉ። ርካሽ ናቸው፣ ለስኳር ግን አይሆኑም።

ክትባት፣ ማኮላሸትና የዓመት ምርመራ በተራው ውል ውስጥ የሉም። «ትንሽ ጨምሪና እሱንም እንሸፍንልሽ» ይሏታል። አትጨምር። ቀኑ የሚታወቅ ወጪ ነው፣ እሱን ራሷ ታጠራቅማለች።

«ታዲያ 34ቱን ለምን ራሷ አታስቀምጥም?» ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለአንዳንድ ሰው። 3000 ዶላር ባንክ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ «ተወው፣ አትግባ» ነው የምለው። እሷ ግን በሦስተኛው ወር ላይ ሽሮ ቢታመም ያጠራቀመችው 102 ዶላር ነው። ደግሞ እርስዎም እኔም እናውቃለን፣ ያ ገንዘብ አይቀመጥም። ፋሲካ ሲደርስ የሽሮ ኩላሊት ወደ በግ ተለውጦ ደብረ ብርሃን ይገባል!

ስለዚህ እኔን ከጠየቁኝ ትግባ። የሽንቱን ነገር በጽሑፍ ካረጋገጠች። ትንንሹን ሁሉ የሚመልስ ውድ ውል አትግዛ። ተቀናሹ ከፍ፣ ዓረቦኑ ዝቅ፣ ድርጅቱ በዓመት የሚከፍልላት ጣሪያ ግን ከፍ ያለውን ትምረጥ። ትንሹን ራሷ ትችለዋለች፣ የሚያንበረክካት ትልቁ ነው። ሽንቱን የሚሸፍን ድርጅት ጭራሽ ካጣች ግን ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ 34ቱን ለሐኪም ቤት ብቻ በምትሆን ሒሳብ ታስቀምጥ፣ የሒሳቧን ቁጥርም ለእናንተ አትንገር። በመካከሉ ውኃ በደንብ ያጠጣችው፣ እርጥብ ምግብም ታብላው፣ ውፍረቱን ትቆጣጠር። ለሽንቱ ከመድን በፊት የሚረዳው ይሄ ነው።

ወደ እርስዎ ድመት እንምጣ። እዚህ እኛ ሰፈር ለድመቱ መድን የገባ ሰው አላጋጠመኝም፣ እርስዎም አይፈልጉት። የእኛ አገር የድመት ችግር የሒሳብ ብዛት አይደለም፣ የሚያክም ሰውና ዕቃ ማጣት ነው። ገንዘቡን በሙዳይ ያስቀምጡ፣ ለሚኒባስ ጭምር። ከሁሉ በፊት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቧት። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዘዋል፣ ድመትም ሰው ላይ ያስተላልፈዋል። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ሰውም እንስሳም አይተርፍም ማለት ይቻላል። የማያውቁት ድመት ወይም ውሻ ከነከሰዎ ወይም ከቧጨረዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡት። ሰዓት እያዩ፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጠበሉን ይቅርብዎ አልልም፣ ግን ክትባቱን አይቅደም።

ጥያቄ

«ከሸዋ ሮቢት ነው። ማሾ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ አይጥ በዝቶ ባለቤቴ መርዝ አስቀመጠ። ድመታችን ከዚያ አይጥ በላች መሰለኝ፣ ዛሬ ፈዛ ተኝታለች። ወተት አጠጣኋት። ፓራሲታሞል ግማሽ ልስጣት?»

መልስ

እህቴ፣ እንዳትሰጫት! ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት እንደ ሰው አያጣራውም፣ አንዲት ፍሬ ትገድላለች፣ ግማሿም ትበቃ ይሆናል። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይለወጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ከዚያ አበቃ። ልጅ ስላዳነ ድመት ያድናል ብለሽ አታስቢ። ለቁንጫም ቢሆን ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አትቀቢያት፣ ፐርሜትሪን የሚባለው ያለበት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። እኔ ራሴ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት «ያው ነው» ብሎ የውሻውን ሊሸጥልኝ ነበር።

አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች እንላለን፣ መርዝ ካለ ግን አይጧ ድመቷንም ይዛት ነው የምትሄደው። ከአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። ድመቷ ጥቂት ቀን ደህና መስላ ትቆያለች፣ ከዚያ ውስጥ ውስጡን ትደማለች። ከንፈሯን ገለጥ አድርጊና ድዷን እዪ፣ ነጭ ከሆነ ጊዜ የለሽም። ለዚህ ዓይነቱ መርዝ ማርከሻው ቪታሚን ኬ ነው፣ በሐኪም እጅ፣ ለሳምንታት የሚሰጥ። ሌላ ዓይነት መርዝ ከሆነ ግን ሕክምናው ሌላ ነው፣ ስለዚህ ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ወተቱ አያረክሰውም። ለማስመለስ ብለሽ ጨው አታጠጫት።

ባለቤትሽ የመርዙን ማሸጊያ የት ጣለው? ቆሻሻ ውስጥም ቢሆን ፈልጊና ከድመቷ ጋር ይዘሽ ሂጂ፣ ዛሬውኑ።